ስፖንጅ የሌለው ጎማ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ የሠራተኞች ክበብ የጠረጴዛ ቴኒስ አዳራሽ፣ ረፋድ ላይ። ራኬት ጠጋኙ ጋሽ ወንድራድና አምና ያረፈው የጓደኛው የጥላዬ ልጅ ዓይናዲስ፣ የአባቷን ራኬት መሃል አስቀምጠው ይከራከራሉ።)

ዓይናዲስ፦ ወፍራሙን ስፖንጅ አልፈልግም አልኩ፣ ጋሼ። ይኸው ሦስተኛዬ ነው።

ወንድራድ፦ አንዴ ዳሰስ አድርጊውና እምቢ በይ። ድፍን ሁለት ሚሊሜትር ነው። ኳሷ ገና ስትነካው ትፈናጠራለች።

ዓይናዲስ፦ ትፈናጠርና ከጠረጴዛው ውጭ ታርፋለች። እኔ የምከላከል ሰው ነኝ። እንደ አባዬ ያለውን ባለ ጉጥ ጎማ፣ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ጉጥ የበዛበትን፣ ከሥሩ ስፖንጅ የሌለውን ይለጥፉልኝ።

ወንድራድ፦ የሱ ጉጥ እኮ አልቋል። እይው፣ ግማሹ ረግፎ የአሮጊት ድድ መስሏል።

ዓይናዲስ፦ ለዚህ አይደል ያመጣሁልዎት? በአዲስ ይቀይሩልኛ።

ወንድራድ፦ የለኝም። የመጨረሻውን ለሐረር ልጆች ሰጠሁት። ቀጭን ስፖንጅ ያለው ግን አለ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ። አንቺም እኔም አንከፋም።

ዓይናዲስ፦ እስቲ ኳሷን ላንጥርበት። ሰሙት? ድብ ይላል። የአባዬ ቋ ነበር የሚለው፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

ወንድራድ፦ ለኔ ትነግሪኛለሽ? አሥራ አንድ ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው። አሽከርክሬ የላክኋት ኳስ ሽክርክሪቷ ተገልብጦ ትመጣብኛለች፤ መረብ ላይ የምሰካት ራሴው ነኝ።

ዓይናዲስ፦ እንግዲያው እሁድ ደግመው እንዳይሰሙት ነዋ ወፍራሙን ሊያሲዙኝ የሚታገሉት።

ወንድራድ፦ ማን? እኔ?

ዓይናዲስ፦ እርስዎ። በዳግማይ ትንሣኤ ግጥሚያ በአባዬ ቦታ የምገባው እኔ፣ የምገጥመው እርስዎን። የተሸነፈው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አዳራሹን ይጠርጋል።

ወንድራድ፦ አሥራ አንድ ዓመት ተሸንፌ ስጠርግ ወገቤ አልቻለም፣ ልጄ። አባትሽ እዚያ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ይቀመጥና፣ «ወንድራድ፣ ከጠረጴዛው ሥር ረሳህ» ይለኝ ነበር። ረስቼ አላውቅም። ግን ደግሜ እጠርግ ነበር።

ዓይናዲስ፦ ቤት መጥቶም ይተርክልን ነበር። እማዬ «ምናለ አንዴ እንኳ ብትሸነፍለት» ስትለው፣ «ጎማዬን የሚለጥፍልኝ ራሱ ነው፣ ምን ላድርገው» ይል ነበር። እዚህ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?

ወንድራድ፦ ተዪው፣ ቁርጥራጭ ነው።

ዓይናዲስ፦ ባለ ጉጥ ነው እንጂ። አዲስ ነው፤ ስፖንጅም የለውም። የለኝም አላሉም?

ወንድራድ፦ አንቺ ልጅ፣ ክደኚው ብያለሁ።

ዓይናዲስ፦ ቆይ። ከአባዬ ራኬት ላይ ልክክ አለ። ይቺ የተሸረፈችው ጠርዝ እንኳ ሳትቀር ተቆርጣለታለች።

ወንድራድ፦ አምና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የቆረጥኩት ነው። ለግጥሚያው ይደርሳል ብዬ፤ ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው መለጠፍ አልሆነልኝም።

ዓይናዲስ፦ አሥራ አንድ ዓመት ያስጠረገዎትን ጎማ፣ እንደገና በገዛ እጅዎ?

ወንድራድ፦ ታዲያ ከማን ጋር ልጫወት? አምና ያሸነፈኝ የለም። ጥረግ ያለኝም የለም። ግን ዓመቱን ሙሉ ጠረግኩት፣ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር።

ዓይናዲስ፦ ማስቲሹን ያምጡ፣ ጋሼ። መጥረጊያውንም ራቅ አድርገው አያስቀምጡት።