ሳይነካ የኖረው ዲስክ

የጡረታ መታወቂያዬን ለማሳደስ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል ተብዬ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ወዳለው ፎቶ ቤት ጎራ አልኩ። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ክርክር ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ሚስቴም በዚህ ስታማኝ ትኖራለች። ያን ቀን ፎቶ አንሺውና የእህቱ ልጅ አንድ ጥቁር የብረት ሳጥን መሃላቸው አድርገው ተፋጠው አገኘኋቸው። ልጅቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ለአጎቷ ግን እስከ ዛሬም ያችው ሕፃን ናት።

«እንኳን መጡ መምህር! እስቲ ይፍረዱን» አለ ፎቶ አንሺው። «ይቺ ልጅ የሠላሳ ዓመት ልፋቴን በሙሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ ልትከተው ነው።»

«ሰርቨር ነው መምህር፤ ፎቶው ሁሉ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። «መሥሪያ ቤታችን የጣለውን ኮምፒውተር አጽድቼ ሁለት አዲስ ዲስክ ገጠምኩበት። አሁን ያጣላን የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያዝዘው ዋና ፕሮግራም፣ ይጫንበት የሚለው ነው። አጎቴ ከለመድኩት ውጪ ሌላ አላይም ብለዋል።»

«ምን ላድርግ? ፎቶ የማሳምርበት ፕሮግራም የሚሠራው በለመድኩት ላይ ብቻ ነው። ደግሞስ ፎቶዎቼ ምን ጎደላቸው?» አለና ከኋላው ያለውን ቁምሳጥን በአገጩ አሳየኝ። «አሥራ ዘጠኝ ዲስክ፤ እያንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዓመቱ ተጽፎበት። ሰው አይነካቸው፣ እኔም አልነካቸው።»

ይህ «አልነካም» ከየት እንደመጣ ለአንባቢ ልንገር። ሰውየው ሙያውን የተማረው በኔጋቲቭ ዘመን ነው። ኔጋቲቭ በጣት ከተነካ አሻራ ይይዛል፣ ከተጫረም የሰው መልክ ይበላሻል። ያሠለጠኑት ሰው በመጀመሪያው ቀን ያስጠነቀቁት «እጅህን ሰብስብ» ብለው ነበር። እሱም ፎቶ ወደ ዲስክ ሲገባ ያንኑ ሕግ ይዞ ተሻገረ። ሕጉ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ለዲስክ ግን አልወጣም።

«አጎቴ፣ ዲስክ እኮ ኔጋቲቭ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ዝም ብሎ ሲቀመጥም ይበላሻል፤ ተበላሸሁ ብሎም አይነግርዎትም። ለዚህ ሥራ የተሠራ ሲስተም ግን አንዱን ፎቶ ሁለቱም ዲስክ ላይ ይጽፋል። በየወሩ ሁሉንም እያነበበ ይፈትሻል፤ አንደኛው ላይ የተበላሸ ካገኘ ከሌላኛው ወስዶ ያድሰዋል።»

«በየወሩ ይነካካዋል በይኛ! ሰሙልኝ መምህር?»

«ያልነኩት ነገር ደህና መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«በምን አውቃለሁ? ቆይ፣ ልብሽ እንዲያርፍ አሁኑኑ አሳይሻለሁ» ብሎ ተነሣ። «መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ልጅ በወሩ መጨረሻ የአባቷን ፎቶ ልትወስድ ትመጣለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አብረው ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። አባትየው አርፈዋል። የታተመውን ደግሞ ቤታቸው ውኃ ገብቶ አበላሸው። በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እኔ ጋ ያለው ብቻ ነው።»

ጨርቁን ፈትቶ ዲስኩን ሰካ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ቀጠለ። ፎቶው ሲከፈት ባርኔጣ ያደረጉ ሰውና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ታዩ። ከደረታቸው በታች ግን ሁሉም ነገር ግራጫ ነበር። ፎቶ አንሺው ዘግቶ ከፈተው። አሁንም ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም ሞከረ፤ አሳዘነኝ።

«ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለ።

ልጅቷ «አላልኩም?» ማለት ትችል ነበር። እኔ ብሆን ሳልል አላድርም። እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና «ፊታቸው ተርፏል አጎቴ። የቀሩትን ሳይብስባቸው እንገልብጣቸው» አለችው።

«ፕሮግራሜስ?» ሲል ጠየቀ።

«እሱንም አንጥለውም። ሰርቨሩ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን እንሠራለን፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር በሉት። የለመዱት ሲስተም እንደ ተከራይ እዚያ ይቀመጣል። እኔ የመረጥኩት ሲስተም ደግሞ ዋና ሥራው እንዲህ ያለ ተከራይ ማስተናገድ ነው፤ ቢሮም የምንጠቀመው እሱን ነው። የፎቶ ማከማቻውን እኔ ትእዛዝ እየጻፍኩ አስተካክለዋለሁ።»

«አንቺ ትጽፊያለሽ። አንቺ በሌለሽበት ዲስክ ቢበላሽ እኔ ምን አያለሁ?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

«ለመሆኑ ሳጥኑ ቤት ከሆነ ባለቤቱ ማነው» ሲል ፎቶ አንሺው ቀጠለ፣ «ፎቶው ነው ወይስ ፕሮግራሜ?»

«ፎቶው።»

«እንግዲያው ለፎቶው ተብሎ የተሠራውን ምረጪ። ለተከራይ አንድ ክፍል ይበቃዋል።»

እኔ እውቀት ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ ያለ መስሎኝ ነበርና አፈርኩ። ልጅቷ ግን ከልቧ ሳቀች። «ረቱኝ አጎቴ! እኔ የመረጥኩት ለራሴ የሚመቸኝን ነው» ብላ ሐሳቧን ቀየረች። የጫነችው ዋና ሥራው ማከማቸት የሆነውን ነው፤ አንድ ሁለት ቨርቹዋል ማሽንም ይሸከማል። አጎቷ ድረ ገጽ እንደሚከፍት በብራውዘር ከፍቶ ዲስኮቹ ደህና መሆናቸውን ራሱ ያያል፤ አንዳቸው ሲታመም መልእክት በስልኩ ይደርሰዋል።

በወሩ መጨረሻ ያን ቀን ያነሣኝን ጉርድ ፎቶ ልወስድ ስመለስ ያ ቁምሳጥን ተከፍቶ ባዶውን ቆሟል። ከአሥራ ዘጠኙ ዲስኮች አሥራ ስድስቱ ሙሉ በሙሉ ተርፈዋል። ፎቶ አንሺው ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ፍለጋ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል። አንድ ቀን በስህተት የሰረዘውን የሰርግ ፎቶ ሲስተሙ በየቀኑ ከሚያስቀምጠው የትናንት ቅጂ መልሶ አግኝቷል። እሳትም ሌባም ሳጥኑን እንዳለ ሊወስደው ስለሚችል ሦስተኛ ቅጂ እህቱ ቤት አስቀምጧል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በመሳቢያህ የቆለፍከው ዲስክ ካለ ዛሬውኑ ክፈተው።

እኔና ፎቶ አንሺው ይህን ሁሉ እያወራን የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ገባች። ፎቶ አንሺው ሰበብ አልደረደረም። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠበቅኩት ብዬ ገደልኩት» ብሎ የተረፈውን አትሞ ሰጣት።

ፎቶውን ቀረብ አድርጋ አየችው። «አባቴ እጄን ይዞኝ ነበር፣ እዚህ ጋ» አለች ግራጫው የጀመረበትን በጣቷ እየነካች። «ግድ የለም ጋሼ። የእጁን አያያዝ አልረሳሁትም። ፊቱ ነበር እየጠፋብኝ የመጣው።»

ፎቶ አንሺው ዓይኑን ጠረገና መብራቱን አበራ።

«ነይ ተቀመጪ» አላት። «ዛሬ አንቺን ላንሣሽና ፎቶሽን ከአባትሽ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ይኼን ግን በየወሩ አየዋለሁ።»