ከቁልቁለቱ የተነቀለው ምልክት

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በምንወርድበት አውቶቡስ፣ ከኋላዬ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚሄድ ወጣት አጠገቡ ላሉት አዛውንት ገበሬ ስለ መንገድ ምልክቶች ያወራል።

«ክብ ከሆነ ክልክል ነው፤ ሦስት ማዕዘን ከሆነ አደጋ አለ።»

«ዳር ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ላይ እንደ እባብ የተጣመመ?»

«እሱ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የት አዩት?»

«እዚሁ ከፊታችን ያለው ቁልቁለት ላይ፣ ከእርሻዬ ዳር ተክለውት ነበር።»

«ነበር?»

«መሬት ሊለኩብን የተከሉት ችካል መስሎን ነቀልነው።»

«ኧረ አባቴ! ሹፌሩ እኮ ለመንገዱ አዲስ ነው!»

«ታዲያ ተነሥና ንገረው!»

«እርስዎ ይንገሩት እንጂ፣ የነቀሉት እርስዎ!»

«ማን ነቀለው ቢለኝስ?»

አውቶቡሱ ጉም ውስጥ ገብቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ጉልበቴ ላይ የነበረውን የመሬት መለኪያ ገመድ በካፖርቴ ሸፈንኩት።