የተያዘው የጌሾ ጭማቂ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚኒባስ ስንመለስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ጎናቸው ያለውን የጉምሩክ አስተላላፊ ይጠይቁታል።

«ወደ ውጭ የላክሁት የጌሾ ጭማቂ ጉምሩክ ላይ ተያዘብኝ። ከቆየ ይበላሻል።»

«ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ ተሞላ፣ እማማ?»

«የጌሾ ቅጠል።»

«ጭማቂ ልከው ቅጠል?»

«ከቅጠሉ አይደል የወጣ?»

«ቢሆንም የታሪፍ ቁጥራቸው ይለያያል።»

«የቢራ ፋብሪካው ጌሾም እንዲህ ነው?»

«ሆፕስ? እሱም አበባው ሌላ ቁጥር፣ ጭማቂው ሌላ ቁጥር አለው።»

«እኛም እኮ ለጠላ ቅጠሉን፣ ለጠጅ እንጨቱን እንለያለን።»

«ታዲያ ያውቁታል።»

«ወረቀቱን የሞላው ባሌ ነው፤ እሱ መጠጣት እንጂ መጥመቅ አያውቅም።»

«ዛሬውኑ እንዲታረም ያመልክቱ፤ ሳይበላሽ ሊለቀቅ ይችላል።»

እኔም ጭኔ ላይ ያለውን ፌስታል ቀስ ብዬ ፈታሁና እናቴ ለጠላ ግዢ ብላኝ የገዛሁት ጌሾ ቅጠሉ ይሁን እንጨቱ አየሁ።