የሊኔያ የመጀመሪያ ብርጭቆ

ኮሌጅ ሊከፈት ሲል፣ ከእህቴ ልጅ ከማረን ጋር ወደ ቤት ዕቃ መሸጫው ስንገባ ጎረቤቴ ዴልማር ትንሽ ማቀዝቀዣ ታቅፎ ሲወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። አንድ ልጁ ሊኔያ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ ማቀዝቀዣዋም ለማደሪያ ክፍሏ ናት። ዴልማር ላም አርቢ ነው፤ ቸርነቱን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ግትርነቱ ግን አይጣል ነው።

ዕቃውን መኪናው ላይ ካጋዝነው በኋላ ለዓርብ ጋበዘን። በእኛ ግዛት በዊስኮንሲን ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ለመብላት መጠጥ ቤት መሰብሰብ ወግ ነው፤ የዚህኛው ዓርብ ግን ልዩ ነው አለ። አባቱ ከቤት ሲሸኘው የመጀመሪያውን ብራንዲ በገዛ እጁ አቅምሶታል፤ እሱም ለሊኔያ እንዲሁ ሊያደርግ ነው። ልጅቷ ለመጠጥ ዕድሜዋ ገና ነው። ቢሆንም ወላጅ አጠገቧ ካለ የእኛ ሕግ አይከለክልም፤ አሳላፊውም ይቀዳል።

እኔ ጡረተኛው መምህር ልናገር ጉሮሮዬን ስጠራርግ ማረን ቀደመችኝ። እሷ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ በኮሌጇ ማደሪያ አዲስ ገቢዎችን ትንከባከባለች።

«ጋሽ ዴልማር፣ አይቀየሙኝና ለምን ያቀምሷታል?»

«ከማታውቀው ሰው ጋር ከምትጀምር ከእኔ ብትማረው አይሻልም?»

ይህን ክርክር ከስንት ወላጅ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ሲሰሙት ደግሞ እውነት ይመስላል። ማረን ግን በትሕትና ያየችውን ነገረችው። ወላጆቻቸው ቤት ውስጥ የቀዱላቸው ልጆች ቀንሰው ሲጠጡ አላየችም፤ እንዲያውም «አባቴም ያውቃል» እያሉ ይብሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ናቸው፤ ልጁ ወዳጅ የለውም፣ ከሰው ለመቆጠር ሲል የሰጡትን ይጨልጣል። አምና አንዲትን ልጅ አምቡላንስ እስኪመጣ ጭንቅላቷን ደግፋ ይዛታለች። ልጅቷ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች።

«የእኔ ልጅ እንደዚያ አይደለችም» አለ ዴልማር። «እምቢ ማለት ታውቅበታለች።»

«እርስዎን እምቢ ብላ ታውቃለች?»

ዴልማር የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«አባቷን እምቢ ማለት ያልለመደች ልጅ፣ ጓደኛ ያማራት ቀን ማንን እምቢ ልትል ነው?»

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ቻው እንኳ አላለንም።

ዓርብ እንደምንም ሄድን። ዴልማር ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ብራንዲ አዞ ሊኔያ ፊት አስቀመጠው። ይህ ሰው ምክር አይገባውም ብዬ ተናደድኩ። ሊኔያ ብርጭቆውን ስታነሳ ግን እጇን ያዛት።

«ትፈልጊዋለሽ እንዴ ልጄ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልፈልግም አባዬ» አለች አቀርቅራ። «ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስፈራው ነበር የከረምኩት።»

ዴልማር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ «በይ እንግዲያው እምቢ በይኝ። እኔ አሁን ጓደኛሽ ነኝ። ቅመሺ!» አላት።

ቀስ ብላ «ይቅርብኝ» አለች። ፈሪ ብሎ ተረባት፣ የእማማ ልጅ አላት፤ እኛም አጨብጭበን ገፋፋናት። እሷም ሳቋ እያመለጣት ድምፅዋን ከፍ አደረገችው፦

«ፈሪ አይደለሁም። አልጠጣም ብያለሁ፤ በቃ።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ዴልማር ብራንዲውን መልሶ ለሁላችን ሎሚናት አዘዘ። ከዚያም፣ «ተሳስተሽ ጠጥተሽም ቢሆን ደውይልኝ። መጀመሪያ እመጣለሁ፤ ቁጣው ይደርሳል» አላት።

እናንተ ልጆቻችሁን የምትሸኙ ወላጆች፣ ከብርጭቆ ይልቅ ይህን ስንቅ ስጡ። ምን እንደሚፈሩ ጠይቁ፤ እምቢታን ቤታችሁ አለማምዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግማችሁ ደውሉ። ልጅ እውነቱን የሚነግረው ለማይፈራው ወላጅ ነው።

ሊኔያ በገባች በመጀመሪያው ቅዳሜ ለአባቷ ደወለች። ግብዣ ላይ መጠጥ ሲዘረጉላት አልጠጣም ብላ ወጣች፤ አብራት የምታድረው ልጅም ተከትላት ወጣች። ያቺ ልጅ ለካ አንድ ሰው ቀድሞ እምቢ እስኪልላት ነበር የምትጠብቀው።