ጋሽ አድማሱ ሊያስቆርጡት የነበረው ጃምቡላ

ቅዳሜ ጠዋት በምንኖርበት የሰው አገር፣ ንቲንዳ መንገድ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ላስጠቀልል ስወጣ፣ የጎረቤቴ የጋሽ አድማሱ ምግብ ቤት በር ላይ መጋዝ የያዘ ሰው ቆሞ አየሁ። መጋዝ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም፤ ገባሁ።

«ጋሽ አድማሱ፣ እንደምን አደሩ? ማንን ሊያርዱ ነው?»

«ይህን ጃምቡላ! ፍሬው እየረገፈ የደንበኛውን መኪና ሁሉ አበላሸ።»

ልጃቸው ትህትና ግንዱን ተደግፋ ቆማለች። ዋንዴገያ ሰፈር ካለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ምግብ ይዘት ተምራ ዘንድሮ የተመረቀች ናት።

«አባዬ፣ ሐኪሙ እማዬን ደምሽ አንሷል ብሏታል፤ እሷ ደግሞ ጾም ላይ ናት። የምስሩና የሽሮው ብረት ከሰውነቷ እንዲዋሃድ ቫይታሚን ሲ ይረዳል። እሱም ይኸው፣ ራስዎ ላይ ተንጠልጥሏል!»

«ፖም እየገዛሁላት አይደል?»

«ፖሙ ስንት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ይህ ከዛፍ ወደ አፍ ነው! ወይን ጠጅ ቀለሙ ራሱ ለሰውነት ይበጃል። የአገራችን ዶቅማ ዘመድ እኮ ነው!»

ጋሽ አድማሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ዓለም እኛን በረሃብ ነው የሚያውቀን። ምግብ ቤት ከፍቼ ሚስቴ የዱር ፍሬ ስትለቅም ትታይ? ይህ የክፉ ቀን ምግብ ነው!»

እንዲህ የምናስብ ብዙ ነን፤ በልጅነታችን አጋምና እንጆሪ ስንሻማ አድገን፣ ሰው ስንሆን እናፍርበታለን።

«በክፉ ቀን ያቆየን ምግብ በደግ ቀን ምን በደለን?» ብላቸው ገላመጡኝ።

ይሄኔ ባለቤታቸው ወይዘሮ አለምዘውድ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

«አድማሱ፣ ቁረጠው። እኔ ግን የልጄን ምክር ሰምቻለሁ። ከማዶ ጎረቤታችን ዛሂዳ ግቢም ጃምቡላ አለ፤ ሄጄ እለምናለሁ።»

«ትለምኛለሽ?!»

«ሳህን ይዤ! ማነሽ ካሉኝም የአድማሱ ሚስት እላለሁ።»

ከገዛ ግቢ መልቀም ያሳፈራቸው ሰው፣ ልመናው ሲታሰባቸው ላብ አጠመቃቸው። አንድ ፍሬ ቀጥፈው፣ አጥበው ቀመሱ።

«አፍ ያኮማትራል… ግን ይጣፍጣል! እንካ፣ አንተም ቅመስ!»

«እማዬ ሐኪሙ ያዘዘላትን ክኒን ግን አታቋርጥም፤ የማናውቀውንም የዱር ፍሬ አንነካም፣ መርዛም አለ» አለች ትህትና እየሳቀች።

ባለ መጋዙ መጋዙን አስቀምጦ ፍሬውን ሊያራግፍ ዛፉ ላይ ወጣ። መኪኖቹ ወደ ማዶ ተዛወሩ። ጋሽ አድማሱ አንሶላ ዘርግተው ጮኹ፦

«ካሣዬ፣ ምን ትገተራለህ? በዚያ በኩል ያዝ እንጂ!»

ያዝኩ። ጃምቡላው እንደ በረዶ ወረደብን። ለእናት ብርታት፣ ለጿሚ ጭማቂ፣ ለምግብ ቤቱም አዲስ ገበያ፤ ይህ ሁሉ ማንም ሳያጠጣው ከበቀለ ዛፍ! በር ላይ ደንበኞች ቆመው ሲያዩን ጋሽ አድማሱ አንገታቸውን አልደፉም።

«ግቡ፣ ግቡ! የጾም ጭማቂ አለ፤ ከግቢያችን የተለቀመ!»