የጋሽ ላቀው ፒር

ፍልሰታ በገባ በሰሞኑ ጋሽ ላቀው የተሳለ መጥረቢያ በጆንያ ጠቅልለው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ከዝናብ ተጠለሉ። ወደ ገበዝ ማርያም የሚወስዳቸው መኪና ዘግይቷል፤ እሳቸውም ለማማረር እንኳ ጉልበት አልነበራቸውም። ከአጠገባቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሰብለ ተቀምጣ ኖሯል። እርሻ ተምራ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ ልጅ ናት። ተነሥታ እጅ ነሣቻቸውና ስለ መጥረቢያው ጠየቀች።

ፒር የሚባለውን፣ ፖም መሰል አንገታም ፍሬ የምትሰጠውን ዛፋቸውን ሊጥሏት መሆኑን ነገሯት። ፍግ አልብሰው፣ የፋብሪካ መድኃኒት ሳያስነኩ ነበር ያሳደጓት። ፍሬዋ ዛፏ ላይ ለስልሶ ሲያዩት ያምራል፤ ሲቆርጡት ግን ልቡ ጠቁሯል። አምና ባለቤታቸው ንግሥቴ ገበያ ብታወጣው፣ ገዢዎቹ አንዱን ገምሰው አይተው “የላቀው ቤት የበሰበሰ ይሸጣል” አሉና ቅርጫቷን እንደሞላ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ገበያ መውጣት ታፍራለች። ላቀውን ከድካሙ ሁሉ የከፋቸው ይኸው ነው።

“ሰው ሁሉ መድኃኒት ርጭ ይለኛል። እኔ ግን ታከተኝ፣ ልጄ። ጥዬ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ።”

“ትል አይተውበታል፣ ጋሼ?”

“አላየሁም።”

“ታዲያ መድኃኒቱ ምን ሊገድል ነው? ፒር ገና ጠንካራ ሳለ ነው የሚለቀም። ዛፉ ላይ ከተዉት ከልቡ ይጀምራል፤ ላዩ እስኪለሰልስ ውስጡ ያልፍበታል።”

ሽማግሌው በድካም ፈገግ አሉ። በእሳቸው አገር ኮክ ለስልሶ እጅ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ጥሬ ፍሬ መቁረጥ ነውር ነው።

“የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?”

“ሰምቻለሁ። ሙዝስ ቢሆን አረንጓዴውን ተቆርጦ ቤት አይደለም የሚበስል? ፒር የሙዝ እንጂ የኮክ ጠባይ የለውም።”

ሙዝን ተክሉ ላይ የሚጠብቅ ሞኝ እሳቸውም አያውቁም። ሰብለ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፦ ፍሬውን ቀና ሲያደርጉት ዘንጉ በቀላሉ ከለቀቀ መልቀሚያው ደርሷል፤ ከዚያ በጤፍ ጭድ ማስተኛት፤ አንገቱን ጫን ሲሉት ለስለስ ካለ መብላት። ከዘንቢሏም እንዲህ የበሰለ አንድ ፒር ሰጠቻቸው። የጾም ሰዓት ስለሆነ አልቀመሱትም፤ ከመጥረቢያው ጋር ይዘውት ገቡ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሁለት ከፈሉት። ልቡ ነጭ ነበር። ንግሥቴ ጣቷ ላይ የወረደውን ጭማቂ እየላሰች “ይኼ የእኛው ነው?” አለች።

“የእኛም እንዲህ ነበር። እኔ ነኝ ያሳለፍሁበት” አሏት።

በማግስቱ ጠንካራውን ፍሬ ለቅመው ጭድ ውስጥ አስተኙት። ዛፏ አልተቆረጠችም፣ መድኃኒትም አልተገዛም፤ ባልና ሚስቱም በጾማቸው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚቀምሱት አገኙ። የዘመኑን ትምህርት የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ ሳያውቅ ስንት መልካም ፍሬ እንዳሳለፈ ይጠይቅ።

ፍሬው ሲበስል ንግሥቴ እያመነታች ገበያ ወጣች። ላቀው ከደጅ ቆመው ሲጠብቁ አመሹ። በመጨረሻ ከአቀበቱ ብቅ አለች፤ ለዝናቡ ብላ ባዶውን ቅርጫት ራሷ ላይ ደፍታው ነበር።