የሚጠቀለል ጥላ

በመንደራችን የግቢ በር አይዘጋም። ይህን የደነገጉት መንደሩን የመሠረቱት አትክልተኞች ናቸው፤ ቦንሳይ፣ በሸክላ ውስጥ ተገርዞ የሚያድግ ድንክ ዛፍ፣ ያለው ሰው ቦንሳይ ሊያይ የመጣውን መንገደኛ ከደጅ አይመልስም ብለው። ሁለተኛም ድንጋጌ አላቸው፦ ማንም ሰው ባለ ፎቅ ቤት አይሥራ፤ የፎቁ ጥላ በጎረቤት ዛፎች ላይ እንዳይወድቅ። እኔ በዚያ ቀን ወደ አባባ ቶሜዞ ግቢ የገባሁት በመጀመሪያው ድንጋጌ ነው። ልሸነፍ የደረስሁት ደግሞ በሁለተኛው።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። በእኛ አገር በሰኔ የሚገባው የዝናብ ወራት ካበቃ ገና ሦስተኛ ቀኑ ቢሆንም ሰማዩ ዝናብ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ይመስል ነበር። ለዕረፍት ከኮሌጅ መጥቼ ከኦሚያ ጣቢያ ወደ ቤታችን በእግር ሳዘግም፣ በአጥሩ ቁጥቋጦ በኩል የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ።

«አይዞሽ። እኔስ ቢሆን መቼ ቻልኩት? እስከ ኅዳር ነው፣ እንታገሥ። ኅዳር ላይ ትመጣለች።»

ሐዘንተኛ የሚያጽናኑ መስሎኝ በቀስታ ወደ ውስጥ ተመለከትሁ። አባባ ቶሜዞ በበረንዳቸው ጫፍ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ በእንጨት መደብ ላይ፣ አንዲት ሞሚጂ፣ ቅጠሏ በመጸው የሚቀላ፣ በጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ ቆማለች። አርባ ዓመት የኖረች ዛፍ ናት፤ ቁመቷ ግን ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ሽማግሌው የሚያጽናኑት እርሷን ነበር።

«አባባ፣ ለቅሶ ላይ ነው የደረስኩት?» አልኋቸው።

«ኦ! የሰዓት ጠጋኙ ልጅ! ነይ ግቢ፣ ካናኤ። ምነው እንዲህ ከሳሽ? የእርሻ ኮሌጅ ተብሎ ሰው አይቀልብም እንዴ?»

«ይቀልባል። እርስዎስ ከዛፍ ጋር ማውራት የጀመሩት መቼ ነው?»

«ፉሚ ሴንዳይ ከተማ፣ ልጃችን ዘንድ ከሄደች ወዲህ ነዋ። የልጅ ልጅ ላሳድግ ብላ ሄዳ ይኸው ሦስት ዓመት። ከማን ጋር ላውራ? ከድመቷ? ድመቷ የጎረቤት ናት፤ የምትመጣው ለኔ ሳይሆን ለዓሣዬ ነው።»

ሳቅን። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። ሞሚጂዋን ከዘር ያበቀሏት ሚስታቸው እማማ ፉሚ ናቸው፤ ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት። እማማ ፉሚ ከሄዱ ወዲህ ግን በየዓመቱ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ የዛፏ ቅጠል ከጠርዙ እየተጠበሰ፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት እየተጠቀለለ ይረግፋል። አናቷ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ባለፈው ዓመት ደርቋል።

«ናፍቆት ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዛፏ እንዳትሰማ ይመስል። «ፉሚ በደወለች ቁጥር ‹ሞሚጂዬ እንዴት ናት?› ትለኛለች። እኔም ‹አምሮባታል› እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሸሁ። ዘንድሮ ኅዳር ጠቅልላ ልትመጣ ነው። ምን ላሳያት? ጭራሮ?»

ስለ ዛፍ ሥር ሁለት ዓመት የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። እጄን ሰድጄ የሸክላውን ጎን ነካሁ፤ ወዲያውም ከትኩስ ድስት እንደሚሸሽ ሰው እጄን መለስሁ።

«አባባ፣ ይህ ናፍቆት አይደለም፤ ፀሐይ ነው። ቅጠሉ የሚቃጠለው ከሥር ጀምሮ ነው። የሸክላው ጎን ሲግል ከጎኑ የተጠጋው ሥር ይቀቀላል፤ የተቀቀለ ሥር ውኃ አይስብም፤ ውኃ ያጣ ቅጠል ይጠበሳል።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ፀሐይ ዛፍ ስትገድል የት ታይቷል? ተራራ ላይ ለዛፍ ጃንጥላ የሚይዝለት ማነው?»

«ተራራ ላይ ሥሩ እንደ ልቡ ጠልቆ ከቀዝቃዛ አፈር ይደርሳል። ደግሞም የተራራ ሞሚጂ የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። እርስዎ ግን በተራራ ፋንታ በሳህን ላይ አስቀመጧት። የተራራውን ሥራ እርስዎ ተረክበዋል ማለት ነው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ክርክር የሚወዱ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት በዚህ ነው፤ ዓይናቸው በራ።

«እሺ የኔ ምሁር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የቀደሙት ሰዎች በዚህ መንደር ፎቅ የከለከሉት ለምን ነበር?»

«ጥላ በዛፎቹ ላይ እንዳይወድቅ።»

«በአፍሽ ተናገርሽ! ጥላን ጠልተው ቤታቸውን ዝቅ አድርገው ኖሩ። አንቺ ደግሞ በሁለት ዓመት ትምህርት ጥላውን በእጅሽ ልትሰቅዪ መጣሽ። ከዚህ በኋላ የቀረሽ ፎቅ መሥራት ብቻ ነው!»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሊረቱኝ ደርሰው ነበር። የቀደሙት ሰዎች ድንጋጌ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም በዚያ ዝቅ ባለ ጣሪያ ሥር ያደግሁ ነኝ። ዓይኔን ከእርሳቸው ሳሸሽ ግን ከበረንዳቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ከጣሪያው እስከ መሬት የተንጠለጠለ የሸምበቆ መጋረጃ።

«አባባ፣ እርስዎ አሁን የተቀመጡት የት ነው?»

ቀና ብለው መጋረጃውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«እኔማ ሽማግሌ ነኝ።»

«እርሷስ? አርባ ዓመቷ አይደለም? የቀደሙት ሰዎች የከለከሉት ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሚጭነውን፣ ጠዋትም ማታም፣ በብርድም በሙቀትም የማይነሣውን ጥላ ነው። የፎቅ ጥላ አይጠቀለልም። ይህ ግን ይጠቀለላል፤ ጠዋት ይነሣል፣ ቀትር ላይ ይወርዳል። እርሱንም የሚያዘው የዛፉ ጠባቂ ነው።»

«ምላስሽስ የሰዓት ጠጋኝ ልጅ ምላስ አይደለም፤ የጠበቃ ነው። ግን አልረታሽኝም። ይህቺ ዛፍ ሰላሳ ሰባት ዓመት በዚሁ መደብ፣ በዚሁ ፀሐይ ኖራለች። አንድም ቅጠል ተቃጥሎባት አያውቅም። ፀሐይዋ ከፉሚ ጋር በባቡር ተሳፍራ ነው እንዴ የተለወጠችው?»

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሙቀቱ ከቀድሞው እንደሚያይል፣ የዝናቡም ወራት እንደሚያጥር ነገርኋቸው። ነገር ግን መልሴ ግማሽ መልስ መሆኑን ራሴም አውቄዋለሁ። ሙቀት በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል አይለወጥም። በክርክሩ መካከል ዛፏ እየተቃጠለች መሆኗን አስታውሼ፣ «እስክንስማማ ድረስ ቢያንስ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ እናንሣት» ብዬ ለመንኋቸው። እያጉረመረሙ ሸክላውን በአንድ ወገን ያዙልኝ።

ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ ካኪ በሚባለው የፍሬ ዛፍ ሥር፣ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ልናስቀምጣት ጎንበስ ስንል ድንጋዩ ላይ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች አየሁ። ለሳንቲም እንኳ የማይጠልቁ፣ በብዙ ዓመት መቀመጥና መነሣት የለሰለሱ ናቸው። የሸክላው አራት እግሮች አንድ በአንድ ገቡባቸው፤ ልክ እንደ ጫማ።



«በመጨረሻ!» አለ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ። ጎረቤታቸው እማማ ኢሶጋይ የልብስ ማስጫ ቅርጫት እንደታቀፉ ቆመው ይስቃሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ይህ ሰውዬ መቼ ነው ድንጋዩን የሚያየው?› እያልኩ ስጠብቅ ነበር!»

«ምን ማለትሽ ነው አንቺ?»

«አንተ ምሳህን በልተህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታንኮራፋለህ አይደል? ስታንኮራፋ እኔና ፉሚ ዛፏን ወደዚህ ተሸክመን እናመጣለን። ልትነቃ ስትል ወደ መደቧ እንመልሳታለን። ሙቀቱ በገባ ቁጥር፣ ሰላሳ ሰባት ዓመት! ወገቤን ያመመኝ በምን ይመስልሃል? በዳንስ?»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ነግራህ ነበር እንጂ! ‹በጥላ ያደገ ዛፍ እንደ ሰነፍ ደቀ መዝሙር ነው› ብለህ አፏን አስያዝካት። ከዚያ ወዲያ ካንተ ጋር ከመነጋገር መሸከሙ ቀለላት።»

«አንቺስ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ለጎመሽ?»

«ምስጢሩ የፉሚ ነዋ! አስምላኛለች። አሁን ግን የነገረህ ድንጋዩ ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

አባባ ቶሜዞ አራቱን ጉድጓዶች አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምርም የሚያለቅሱ መሰለኝ። እርሳቸው ግን ይስቁ ነበር፤ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ፣ እማማ ኢሶጋይም አጥሩን ተደግፈው እስኪያግዟቸው ድረስ።

ከዚያ ተነሡና የበረንዳቸውን የሸምበቆ መጋረጃ ከገመዱ ፈተው ወደ መደቡ ተሸከሙት።

«እርስዎስ አባባ? በፀሐይ ሊቀመጡ ነው?»

«እኔማ እግር አለኝ» አሉ። «ወደ ጥላው ሄጄ እቀመጣለሁ። እርሷ ናት እግር የሌላት።»

በኮሌጅ ካነበብሁት ሁሉ ይህን ነገር በዚህ ያህል አጭር ቃል የተናገረ አላገኘሁም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለእኔ ክብር ነበር፤ ግን አላበቃም። ድሌ አስክሮኝ በማግሥቱ ግቢውን በሙሉ፣ ጥዶቹን ሳይቀር፣ በመጋረጃ ሸፈንሁት። በሁለተኛው ሳምንት አባባ ቶሜዞ እጄን ይዘው ወደ ጥዶቹ ወሰዱኝ። ቅጠላቸው ገርጥቶ፣ ለስልሶና ረዝሞ ነበር።

«ጥዶቼን ምን አደረግሻቸው? ሙሽራ መሰሉሽ? ጥድ ወታደር ነው፤ ፀሐይ ካላገኘ ይልፈሰፈሳል። ጥላ ጥላ ስትዪኝ እሺ አልኩ፤ ለማን እንደሆነ ግን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

አፈርሁ። ዕውቀቴ ከመጽሐፍ የተገኘ እንጂ ከእያንዳንዱ ዛፍ የተጠየቀ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄ ጥዶቹን ገለጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዋ እኔ ብቻ መሆኔ ቀረ። የተቃጠሉትን የሞሚጂ ቅጠሎች እርሳቸው በመቀስ ለቀሙ፤ እኔም የሸክላውን ሙቀት ጠዋትና ቀትር እየለካሁ ጻፍሁ። ነሐሴ ሲጋመስ ከባዶዎቹ ቅርንጫፎች ላይ ጥፍር የሚያካክሉ አዳዲስ ቅጠሎች ወጡ። አባባ ቶሜዞ እማማ ኢሶጋይን ጠርተው በጣታቸው ቆጠሩላቸው፤ አሥራ ሰባት።

ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም ቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ተከራከርን። እኔ ሙቀቱ ገና ስላልበረደ መጋረጃው ይቆይ አልሁ።

«አይቆይም» አሉ። «ሙቀት እስከዚህ ቀን፣ ብርድም እስከ መጋቢቱ እኩሌታ ነው ሲሉ አልሰማሽም? ከእንግዲህ ወዲህ የምትፈልገው ፀሐይ ነው። ፀሐይ ያላየ ቅጠል አይቀላም። የሚጠቀለል ጥላ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ታዲያ ጠቅልዪው!»

ጠቀለልሁት።

በኅዳር መጨረሻ በተመለስሁ ጊዜ ከበሩ ሳልደርስ የአባባ ቶሜዞን ድምፅ ሰማሁ። ለሁለት የማላውቃቸው መንገደኞች ትምህርት ይሰጣሉ። ከኋላቸው ሞሚጂዋ ቆማለች፤ ደረቁ የአናት ቅርንጫፏ ተቆርጦላት፣ ከሥር እስከ ጫፍ ቀልታ፣ የእያንዳንዱ ቅጠል ጣት እስከ ጫፉ ሙሉ ሆኖ።

«በሚያዝያ ቅጠሉ ለጋ ሳለ የጠዋት ፀሐይ ብቻ። ከሰኔ ጀምሮ ከቀትር በኋላ መጋረጃ፤ በተለይ ከምዕራብ፣ ጨካኟ የምዕራብ ፀሐይ ናትና። የዛፉን ቅጠል ብቻ አትዩ፤ የሸክላውን ጎን ንኩ፤ ለእጃችሁ ከፈጀ ለሥሩ እሳት ነው። ጥዱን ተዉት፤ እርሱ ወታደር ነው። በመስከረም መጋረጃውን ጠቅልሉ። በብርዱ ወራት ደግሞ ከጣሪያው ክንፍ ሥር አስገቧት፤ ደረቅ ነፋስ እንዳያገኛት። ይህን ያደረገ ሰው የቅጠሉን ቀለም፣ የቅርንጫፉን ዕድሜ ያተርፋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ለሚስቱ መዋሸት ይቀርለታል።»

መንገደኞቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ከበረንዳው ወዲህ፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ የያዙ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ቀስ ብለው መጡ፤ እማማ ፉሚ ናቸው። የመጡት በዚያው ጠዋት ነው። በመጀመሪያ ዛፏን፣ ቀጥሎ የተጠቀለለውን የሸምበቆ መጋረጃ፣ ከዚያም ባላቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?» አሏቸው።

የሚያስተምሩት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አንቺ።»

«እኔ? መቼ?»

«ተኝቼ ሳለሁ» አሉ አባባ ቶሜዞ።

ከአጥሩ ማዶ የእማማ ኢሶጋይ ሳቅ ተሰማ።